ሆድ ሲብሰኝ የምውጠው ክኒን

በቀን ስንት ክኒን እንደምውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት በልጄ አፍ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ የድንገተኛ ክፍል ነው። ዓመቱ 2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ልጄ 13 ዓመቱ ነበር። ላቤ ይንቆረቆራል። አፍንጫዬ ይፈሳል። ሆዴን ይቆርጠኛል። እግሬን አንድ ቦታ ማሳረፍ አልቻልኩም። ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል። ሥራ ቦታ የማወራው እንግሊዝኛ ያን ሰዓት ከአፌ ጠፋ።

«እማ፣ በቀን ስንት ትወስጃለሽ ነው የሚልሽ» አለኝ ልጄ።

ዝም አልኩ።

«እማ፣ ንገሪው እንጂ።»

«አሥራ ሁለት።»

ልጄ ወዲያው አልተረጎመም። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሮ ቁጥሩን ነገረው።

ከዚያ ምሽት የተማርኩትን አንድ ነገር አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ነው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ማለት ይበቃል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ያን ቁጥር ልጄ ባልሰማው።

አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፣ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። እዚህ አካባቢ ስንት ሐበሻ ሴት ይህን ሥራ እንደምትሠራ ታውቁታላችሁ። በ2015 አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር ወገቤ ቋ አለ። ሐኪም ኦክሲኮዶን አዘዘልኝ፣ ባለ 5 ሚሊግራሙን፤ ኦፒዮይድ ከሚባሉት ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ ነው።

መጀመሪያ የወገቤን ሕመም አስታገሰልኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ሌላም ነገር እንዳስታገሰልኝ ገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቴ አርፋ ነበር። ወረቀቴ ስላልወጣ ሄጄ አልቀበርኳትም። ወዳጆቻችን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በራችንን አንኳኩተው አረዱኝ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ለቅሶዬ ሳይወጣልኝ ደረቴ ሥር ቀርቶ ነበር። ክኒኑ እሱን ዝም አሰኘልኝ።

በ2016 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሐኪሞች እነዚህን ክኒኖች ሲያዙ እንዲጠነቀቁ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ለለመደ ሰው ቀስ እያላችሁ ቀንሱ ነው የሚለው። የእኔ ሐኪም ግን በአንድ ቀጠሮ ቁርጥ አደረገብኝ። ያኔ ሰውነቴ ለምዶታል። ከሰው መግዛት ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ የዕቁብ ብር ጎደለብኝ። ለባለቤቴ «ለወንድሜ ላክሁለት» አልኩት። ወንድሜ ምንም አልደረሰውም። ዛሬ ሳስበው ያልሞትኩት በእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ ነው። በመንገድ የሚሸጠው ክኒን እየበዛ የመጣው አስመስለው የሚሠሩት ነው። ውስጡ ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 እጥፍ ይበረታል።

ሆስፒታሉ ያን ሌሊት ቡፕረኖርፊን የሚባል የኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት ጀመረልኝ። ብዙ ሰው ሰቦክሶን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ከምላስ ሥር የሚሟሟ ነው። የሱሱ ሕመም ከጀመረ በኋላ ነው የሚሰጠው፤ ቀድሞ ከተወሰደ ሕመሙን ያብሰዋል። በሰዓታት ውስጥ ላቤ ደረቀ። ጠዋት ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ላኩኝ። እዚያ መድኃኒቱን የሚያዝ ሐኪም አለ፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ ካውንስለር ማየት ነበረብኝ።

ካውንስለር ሲሉኝ ምክር መስሎኝ ነበር። እኛ ቤት ምክር ማለት አንዱ ሲናገር ሌላው አንገቱን ደፍቶ የሚሰማው ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጥፋትሽ ይዘረዘራል፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ትያለሽ፣ ይበቃል። ለዚህ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። ነጠላዬን ሳይቀር አጣፍቼ።

ሴትየዋ በዕድሜ ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ስሙን አልተናገረም፣ ቁጥር ብቻ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የምፈራው ነጩን ሐኪም አይደለም፤ የምፈራው እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማገኘውን የሀገሬን ሰው ነው። እናንተም ይህ ካስፈራችሁ በስልክ ይሁንልኝ በሉ። ደግሞም በዚህ አገር የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የጤና መዝገብ የጠበቀ የራሱ የምስጢር ሕግ አለው።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ «ከ0 እስከ 10 ብታስቀምጪው፣ ለማቆም ምን ያህል ዝግጁ ነሽ?»

«3» አልኳት። ቁጣ ጠበቅሁ።

«ለምን 3 አልሽ? ለምን 1 አላልሽም?»

አሰብኩ። «ልጄ ቁጥሩን ሲተረጉም ያየኝ አስተያየት...» አልኩ። «ባለቤቴ ማታ ማታ ትንፋሼን ያዳምጣል። የተኛሁ መስሎት ነው። እኔ ግን አውቃለሁ...» አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ። ስጨርስ ገባኝ። ለምን ማቆም እንዳለብኝ ስትከራከር የቆየችው እሷ አይደለችም፤ እኔው ነኝ።

ይህ አጠያየቅ የታወቀ ዘዴ መሆኑን በኋላ ተማርኩ። ዊልያም ሚለር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 ስለ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፈዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውን በግድ ስትገፊው ወደኋላ ይገፋል። የራሱን ምክንያት በራሱ አንደበት ሲሰማ ግን ይንቀሳቀሳል። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። ይህን ጥያቄ ግን ቢማሩልን ደስ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ነው ያ ቃል የመጣው። ከመዋጥሽ በፊት ምን ይሰማሻል አለችኝ። «ሆድ ይብሰኛል» አልኩ። አስተርጓሚው «ታዝናለች» ብሎ ተረጎመው። ያን ያህል እንግሊዝኛ አለኝና «አይ፣ እሱ አይደለም» አልኩ። ሰውየው ተቸገረ። ስልኩ ላይ ዝምታ ሆነ። ካውንስለሬ «ቃሉን በራስሽ ቋንቋ ድገሚልኝ» አለችና እንደሰማችው ጻፈችው። «የት ነው የሚሰማሽ?» አለች። እጄን ደረቴ ሥር አስቀመጥኩ። «ምን ይመስላል?» አለች። «የሚጠይቀኝ የሌለ፣ ብሞት የሚሰማ የሌለ ይመስለኛል» አልኳት። ይህን ስናገር ለእናቴ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። ስልክ ላይ ያለው አስተርጓሚም ድምፁ ተያዘ፣ «አይዞሽ እህቴ» አለኝ። እንዲህ ማለት ለእሱ ባይፈቀድለትም አልረሳለትም።

ከዚያ ደብተር ሰጠችኝ። ሐራራው በመጣ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከማን ጋር እንደነበርኩ፣ ምን እንዳሰብኩ፣ ምን እንዳደረግሁ እጽፋለሁ። በአማርኛ ጻፊው አለችኝ። አንደኛው ዓምድ «ሆድ ባሰኝ ወይስ ወገቤን አመመኝ?» ይላል። ሁለት ሳምንት ሞላሁት። ካየሁት 19 ሐራራ ውስጥ ወገቤን አሞኝ የመጣው 4 ብቻ ነበር።

የቀሩት ሰዓት ነበራቸው። እሁድ ማታ ከሀገር ቤት ስልክ በኋላ ይመጣል፤ አንዱ ቤት ኪራይ፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ብር ነው፣ አንድም ሰው «አንቺስ?» አላለኝም። ደሞዝ በገባ ማግስት ይመጣል። ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ጠዋት ክኒን እገዛበት በነበረው ፓርኪንግ አጠገብ ሳልፍ ይመጣል። ሱስ አንድ ትልቅ ጅብ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩ ላይ ሳየው ግን የታወቀ ቀንና ሰዓት ያለው፣ በታወቀ መንገድ የሚመጣ ነገር ነው።

መንገዱን ቀየርኩ። 11 ደቂቃ ይረዝማል፤ ዛሬም በእሱ ነው የምሄደው። የሀገር ቤት ስልክ ከእሁድ ማታ ወደ ቅዳሜ ቀትር አዞርኩት፣ ባለቤቴ አጠገቤ እያለ። ደሞዜ ሲገባ ካርዱ እሱ ጋ ይሆናል። ከቤት ከመውጣቴ በፊት አራት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቻዬን ነኝ? ደክሞኛል? የመጀመሪያው ጾም ላይ ችግር ሆነብኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ሕመምተኛ ነሽ፣ ብዪና መድኃኒትሽን ውሰጂ» አሉኝ። ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው ሦስት ዓመት የፈራኋቸው።

ሐራራ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ካልተቀበልሽው አብዛኛውን ጊዜ በ20፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ካውንስለሬ ይህን ስትነግረኝ አላመንኳትም። «በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅሽን የሚይዝ ምን ሥራ አለ?» አለችኝ። ሽንኩርት ማቁላላት አልኳት። እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያለ ዘይት፣ በእሳቱ ላይ ቆሞ ነው። ትቶ መሄድ የለም፣ ያርራል። እያማሰልሽ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውኃ ትጨምሪያለሽ። ሐራራው ሲመጣ ስምንት ራስ ሽንኩርት አወጣለሁ። ስከትፍ ዓይኔ ያነባል፣ የሽንኩርቱን እንባ ከሌላው መለየት አያስፈልግም። ሽንኩርቱ ቀልቶ በርበሬ ሲገባበት ሐራራው ወርዷል። ያን ክረምት ፍሪዘራችን በቁሌት ሞላ። ጎረቤት ሁሉ በላልኝ።

ክሊኒኩ ሌላም ነገር ነበረው። ሽንቴ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ከአንድ ሳህን ወረቀት አወጣለሁ። ግማሾቹ ላይ «ጎበዝ» ብቻ ነው የተጻፈው። የቀሩት ላይ የአውቶቡስ ካርድ፣ የሱቅ ካርድ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ባለቤቴ ሲሰማ «ሰው ላለመታመም ይሸለማል እንዴ?» አለ። በጥናት የተፈተነ ዘዴ ነው። ሱስ ሽልማቱን አሁኑኑ ነው የሚሰጠው፤ ማቆም ግን የሚክሰው ከወራት በኋላ ነው። ሳህኑ ያን ክፍተት ይሞላል። እኔ አንዴ የ20 ዶላር ካርድ ደረሰኝ። ለልጄ የኳስ ጫማ ጨመርኩበት። ያ ጫማ ያልዋጥኩት ክኒን ነው።

ስለ ባለቤቴ መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ሳልጽፈው ጎዶሎ ይሆናል። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ መጮህና ማኩረፍ። ክሊኒኩ ለቤተሰብ የተለየ ሥልጠና ነበረው። ሮበርት ማየርስ የተባሉ ባለሙያ ያዘጋጁት መንገድ ነው። ስትወስድ አትጣላት፣ ግን አታገልግላትም፤ ውሸቷን አትሸፍን፣ ለአለቃዋ «ታማለች» ብለህ አትደውል። ባልወሰደችበት ቀን ግን አጠገቧ ሁን። መጥፎውን ቀን ብቻ ሳይሆን ደጉንም ቀን እያት። ባለቤቴ ጠዋት ቁርስ ይዞ ጠበቀኝ፣ ፍርፍር። ምንም አላለም። አብረን በላን። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የዚያ ሥልጠና ሌላ ትምህርት ናሎክሶን ነበር። አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ነው። በኦፒዮይድ ብዛት ትንፋሽ ሲቆም ይመልሳል። ባለቤቴ ከወጥ ቤት መሳቢያ አስቀመጠው። እኔ ተቀየምኩ። «እንደምሞት ነው የምታየኝ» አልኩት።

ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ዓመት ደህና ሆንኩ። ከዚያ «እሱም ያው ሱስ ነው እኮ» የሚለው ወሬ ገባብኝ። ዘመድም ጓደኛም ይህንኑ አለኝ። አንድ የሱሰኞች መረዳጃ ስብሰባ ላይ ደግሞ መድኃኒት እስከወሰድሽ ድረስ «ንጹሕ» አይደለሽም አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ወረቀቴ ወጥቶ ስለነበር በ2019 ሀገር ቤት ሄድኩ። የእናቴን መቃብር አየሁ። ጸበል ገባሁ፣ መድኃኒቱን ትቼ። ላቡና ቁርጥማቱ ሲነሣብኝ ሰይጣኑ እየወጣ ነው አሉኝ። አመንኩ። ሁለት ወር ቆይቼ ድኛለሁ ብዬ ተመለስኩ። በእውነትም ከባድ ጸሎት ጸልያለሁ፣ ያን አልክድም። ግን የተመለስኩት ወደዚያው ሺፍት፣ ወደዚያው የእሁድ ስልክ ነው። ክሊኒክ የለ፣ ደብተር የለ። በሁለተኛው ሳምንት ድሮ እወስደው የነበረውን ያህል ወሰድኩ።

ይህን ልብ አድርጋችሁ አንብቡልኝ። ሰው ኦፒዮይድ ሲያቆም ሰውነቱ የለመደውን ይረሳል። የዱሮው መጠን ያኔ ይገድላል። ከእስር ቤት፣ ከማገገሚያ፣ ከጸበል የወጣ ሰው አደጋ ላይ የሚወድቀው በዚያው ሰሞን ነው። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት አገኘኝ፣ ከንፈሬ ጠቁሮ። ከመሳቢያው ያን የተቀየምኩበትን ነገር አወጣ። አንዱን ነፋ፣ 911 ደወለ፣ በሦስተኛው ደቂቃ ሁለተኛውን ነፋ። ተነፈስኩ። ናሎክሶን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ፋርማሲ ይሸጣል። ቤታችሁ ውስጥ ክኒን የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬ ግዙ።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቴን አልተውኩም። ሜታዶን (ሌላው የዚህ ሱስ መድኃኒት) ወይም ቡፕረኖርፊን ላይ የሚቆይ ሰው የመሞት ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ይህን የምለው እስካሁን ስለ ካውንስሊንግ ብዙ ስላወራሁ ነው፤ ወሬው ብቻውን ያድናል እንዳትሉብኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 መመሪያው ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍ ለሁሉም ይቅረብ፣ ድጋፉን አልፈልግም ያለ ሰው ግን መድኃኒት አይከልከል ይላል። ትክክል ነው። መድኃኒቱ ትንፋሼን ያዘልኝ። እንዴት እንደምውል ያስተማረኝ ግን ደብተሩ፣ ባለቤቴና ያች ሴትዮ ናቸው። የንስሐ አባቴም «ጸበሉ መድኃኒት ተዪ አላለሽም» አሉኝ። በኤችአይቪ ጊዜ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው እንደነበር ያስታወሱኝም እሳቸው ናቸው።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ማንም ስለማይነግራችሁ፦ ከምላስ ሥር የሚሟሟው ቡፕረኖርፊን ጥርስ ይጎዳል። ከሟሟ በኋላ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርሳችሁን ለመቦረሽ ግን አንድ ሰዓት ጠብቁ። እኔ ሁለት ጥርስ ካጣሁ በኋላ ነው ያወቅሁት።

የሚረዳችሁ ቡድን ካጣችሁ ሌላ ፈልጉ። እኔን ካባረረኝ ስብሰባ በ15 ደቂቃ መንገድ ላይ መድኃኒቴን የሚቀበል ሌላ አገኘሁ። ለመጀመር ቁጥሩ 1-800-662-4357 ነው። ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ በአካባቢያችሁ ያለውን ሕክምና ይነግራችኋል። ሌሊት ነገሩ ሲከብዳችሁና መኖር ሲያስጠላችሁ ደግሞ 988።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥ ቤት ዕቃ እናጥብ ነበር። አንዲት ከእኔ የምታንስ ልጅ፣ እሷም ሲኤንኤ፣ አጠገቤ ቆማ ሳህን ታደርቃለች። «እትዬ፣ ለአንዲት ዘመዴ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ። «ወገቧን ታማ ክኒን ጀምራ ነበር...» እጇ ይንቀጠቀጣል። ያዛጋታል፣ ደጋግሞ። አፍንጫዋን በክንዷ ትጠርጋለች። እኔ ያን ማዛጋት አውቀዋለሁ።

«ዘመድሽን ሆድ ይብሳታል?» አልኳት።

ሳህኑን አስቀመጠች።

ቀጠሮዋ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በረጅሙ መንገድ እወስዳታለሁ። እሷ ስትገባ እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃታለሁ።